የስዊች ሞዴልን በኤስኤንኤምፒ መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መቶ ስዊች ያለበት ኔትወርክ ተረከባችሁ እንበል። አብሮ የተሰጣችሁ ዝርዝር ላይ ካለው ግማሹ ድሮ የተነቀለ ነው። አሁን ያለው ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የለም። በየካቢኔቱ እየዞሩ፣ በስልክ መብራት እያበሩ፣ ከጀርባ የተለጠፈ ስቲከር ማንበብ ይቻላል። ግን ማን ያደርገዋል? ማኔጅ የሚደረግ (ከርቀት የሚተዳደር) ስዊች፣ ኤስኤንኤምፒ በሚባለው የኔትወርክ መሣሪያዎችን መጠየቂያ ደንብ ማንነቱን ቢጠይቁት ይናገራል። የሚናገረው በቁጥር ነው። ቁጥሩም የሚነግረን ነገር እኛ የጠየቅነው ላይሆን ይችላል። ጥያቄ የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው።

ሲስ ኦብጀክት አይዲ ምንድን ነው?

ኤስኤንኤምፒ የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ ስለራሱ የሚናገረው ጥቂት መሠረታዊ ነገር አለ። ምንድን ነህ፣ ስምህ ማን ነው፣ የት ተቀመጥክ፣ ከተነሳህ ስንት ጊዜህ ነው፣ ይህን የመሰለ። መልሶቹ «ሲስተም» በሚባል አንድ ቡድን ውስጥ ናቸው። የቡድኑ አድራሻ 1.3.6.1.2.1.1 ነው። ከውስጡ ሁለተኛው ሲስ ኦብጀክት አይዲ ይባላል፤ ሙሉ አድራሻው 1.3.6.1.2.1.1.2.0 ነው።

እዚህ አድራሻ ላይ ስትጠይቁ የሚመጣው መልስ ጽሑፍ አይደለም። ሌላ የነጥብና የቁጥር ሰንሰለት ነው፤ ኦአይዲ የምንለው። አምራቹ ለዚያ ምርት የሰጠው መለያ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1991 በወጣው አርኤፍሲ 1213 ውስጥ አለ፤ አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚወጡበት ሰነድ ነው። ዛሬ የሚሠራበት አጻጻፍ ደግሞ በ2002 የወጣው አርኤፍሲ 3418 ነው። ትርጉሙን ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይይዛል። ቁጥሩ የሚለየው በመሣሪያው ውስጥ ያለውን የማኔጅመንት ክፍል ነው ይላል እንጂ ሣጥኑን ራሱን አይልም። ከዚያ ወረድ ብሎ ግን «ምን ዓይነት ሣጥን እንደሆነ በቀላሉ ለማወቅ ያገለግላል» የሚል ሐሳብ ይጨምራል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከታች የምታገኟቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚፈልቁት ከዚህች ክፍተት ነው።

ያንን ረጅም ቁጥር እንዴት ነው የማነበው?

ከግራ ወደ ቀኝ፣ የዘር ሐረግ እንደሚቆጠር ነው። ከትልቁ አያት ተነስቶ እስከ ልጅ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ 1.3.6.1.4.1.9.1.516።

የመጀመሪያው 1 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ አይኤስኦ ነው። 3 በእሱ ሥር የሚታወቁ ድርጅቶች። 6 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፤ ኢንተርኔት የተወለደው እዚያ ስለሆነ ሐረጉም በዚያው ያልፋል። ቀጥሎ ያለው 1 ራሱ ኢንተርኔት ነው። 4 የግል ቅርንጫፍ፣ 1 የኩባንያዎች ቅርንጫፍ። እስከዚህ ድረስ ያለው 1.3.6.1.4.1 ለሁሉም አምራች አንድ ነው፤ ዓይናችሁ ይለፈው።

ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ነው። 9 ሲስኮ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሁሉ የአምራቹ የራሱ ጉዳይ ነው፤ እንደፈለገ ይከፋፍለዋል። ሲስኮ 9.1 ላይ የምርቶቹን ዝርዝር አስቀምጧል። 516 ደግሞ ካታሊስት 3750 የሚባለው የሲስኮ ስዊች ስታክ (ተያይዘው እንደ አንድ የሚሠሩ ስዊቾች) ማለት ነው።

የአምራቾቹን ቁጥር ማን ነው የሚሰጠው?

አያና የተባለው የኢንተርኔት ቁጥሮች መዝጋቢ። ምዝገባው በነጻ ነው፤ ማንም ድርጅት ጠይቆ ይወስዳል። እስካሁን ከ60,000 በላይ ተሰጥቷል። መዝገቡ ለማንም ክፍት ስለሆነ የማታውቁት ቁጥር ሲገጥማችሁ ከመገመት እዚያው ማየት ይሻላል።

በስዊች ሥራ ላይ የሚመላለሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። 11 ኤችፒ፣ 43 ስሪኮም፣ 171 ዲሊንክ፣ 674 ዴል፣ 890 ዛይክሰል፣ 1916 ኤክስትሪም፣ 2011 ሁዋዌ፣ 2636 ጁኒፐር፣ 4526 ኔትጊር፣ 11863 ቲፒሊንክ፣ 14988 ሚክሮቲክ፣ 25506 ኤችሦስትሲ፣ 30065 አሪስታ። ትንሽ ቁጥር ያለው ቀድሞ የተመዘገበ ነው። ትንሽ ከተሠራበት በኋላ እነዚህ ሳይታሰቡ በቃል ይያዛሉ።

ይህ ቁጥር ከማክ አድራሻ መጀመሪያ ላይ ካለው የአምራች መለያ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ያኛው በሌላ ተቋም፣ በሌላ መዝገብ የሚሰጥ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ስለማይጠፋ ነው ማንሳቴ።

በተግባር እንዴት ነው የምጠይቀው?

ኔት-ኤስኤንኤምፒ የሚባለው ነጻ የመሣሪያ ስብስብ ይበቃል። ሊኑክስ ላይ በቀላሉ ይጫናል። በውስጡ ሁለት ትእዛዞች ይፈለጋሉ። «ጌት» አንድ አድራሻ ብቻ ይጠይቃል። «ዎክ» ደግሞ ከሰጣችሁት አድራሻ በታች ያለውን ሁሉ እየተከተለ ያመጣል።

መጀመሪያ ስትገናኙ 1.3.6.1.2.1.1 ላይ ዎክ አድርጉ። ሰባት ስምንት መስመር ይመጣል፤ መግለጫው፣ ኦአይዲው፣ ስሙ፣ ቦታው ሁሉ በአንዴ ይታያችኋል። ከዚያ በኋላ በስክሪፕት ስትሰበስቡ ጌት ይሻላል፤ ፈጣን ነው፣ መሣሪያውንም አያጨናንቅም።

አንድ ምክር። ውጤቱን በሙሉ ቁጥር እንዲያሳይ የሚያደርገውን አማራጭ ሁልጊዜ ተጠቀሙ። ካልሆነ ትእዛዙ ለማገዝ ብሎ የፊተኛውን ክፍል በስም ይተካዋል። አንዱ ኮምፒውተር ላይ «ኢንተርፕራይዝስ.9.1.516»፣ ሌላው ላይ «አይኤስኦ.3.6.1.4.1.9.1.516» ይወጣል። ሰው ሲያየው ያው ነው። ስክሪፕት ግን ሁለት የተለያየ መሣሪያ አድርጎ ይመዘግበዋል።

ስዊቹ ምንም አይመልስልኝም። ሞቷል ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። የኤስኤንኤምፒ ቨርዥን 1 እና ቨርዥን 2ሲ ላይ ኮሚዩኒቲው (እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግለው ቃል) ከተሳሳተ መሣሪያው «ተሳስተሃል» አይልም። ዝም ነው የሚለው። እናንተ የምታዩት «ጊዜው አለፈ» የሚል መልእክት ብቻ ነው። መንገዱ ተዘግቶም ያው መልእክት ይመጣል፤ ስዊቹ ላይ ኤስኤንኤምፒ ጭራሽ ባይበራም ያው።

ስለዚህ በቅደም ተከተል ሂዱ። ፒንግ ይመልሳል? የዩዲፒ 161 ፖርት በመሃል ባለ ፋየርዎል አልታገደም? ስዊቹ ላይ «ከዚህ አይፒ ብቻ ተቀበል» የሚል ገደብ የለም? ይሄኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ኮሚዩኒቲው ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደሚለይም አትርሱ።

ቨርዥን 3 በዚህ በኩል የተሻለ ነው። የተጠቃሚው ስም ካልታወቀ መሣሪያው ይህንኑ የሚገልጽ ሪፖርት ይልካል፤ ቢያንስ የምትፈልጉበትን አቅጣጫ ታውቃላችሁ።

አንድ ኦአይዲ ማለት አንድ ሞዴል ማለት ነው?

እንደ አምራቹ፣ እንደ ዘመኑም ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

የድሮው ካታሊስት 2950 ባለ 24 ፖርቱ 9.1.324 ብሎ ይመልሳል። ባለ 12 ፖርቱ 9.1.323 ነው። አንድ ሞዴል፣ አንድ ቁጥር። እንዴት ደስ ይላል።

ስታክ የሚሆኑ ስዊቾች ሲመጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። ብዙ ስዊች በኬብል ተያይዞ እንደ አንድ ከሠራ፣ ለጥያቄው የሚመልሰውም አንድ ኤጀንት (ስዊቹ ውስጥ ሆኖ መልስ የሚሰጠው ፕሮግራም) ነው። አንዱ ባለ 24፣ ሌላው ባለ 48 ፖርት ቢሆን የትኛውን ብሎ ይመልስ? ሲስኮ መፍትሔ ያደረገው ለስታኩ ራሱ ቁጥር መስጠት ነው። ለዚህ ነው 3750 የሆነ ሁሉ 516 የሚለው። ለዚህ ነው 2960-ኤስም 2960-ኤክስም 9.1.1208 የሚሉት። ለብቻው ቆሞ ምንም ያልተያያዘ አንድ 2960-ኤክስ እንኳ ያው 1208 ይላል። ፖርቱ ስንት እንደሆነ፣ በኬብሉ ኃይል ይስጥ አይስጥ፣ ከዚህ ቁጥር አይታወቅም። ለመለዋወጫ ግዢ 1208ን ይዞ የሄደ ሰው የማይገጥም ዕቃ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ትልልቆቹ ሞጁል የሚሰካባቸው ስዊቾችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ኦአይዲው የሚናገረው ስለ ቻሲሱ፣ ማለትም ሞጁሎቹ ስለሚሰኩበት ሣጥን ነው። 9.1.283 ካታሊስት 6509 ነው፤ ባለ ዘጠኝ ማስገቢያ። በዘጠኙ ውስጥ ምን እንደተሰካ ግን አይነግራችሁም።

ሚክሮቲክ ደግሞ ጭራሽ ሌላ መንገድ መርጧል። ራውተርኦኤስ የሚባለውን የራሱን ሶፍትዌር የጫነ ሁሉ፣ ትንሿ የቤት ራውተርም ሆነች ባለ 24 ፖርቱ ስዊች፣ 14988.1 ይላል። በቃ። ሞዴሉን ከመግለጫው ጽሑፍ ነው የምታገኙት። ቁጥሩ ማኔጅመንቱን ነው የሚለየው የሚለውን ትርጉም ቃል በቃል ከተከተልን ሚክሮቲክ አልተሳሳተም።

አሪስታ በተቃራኒው ጫፍ ነው ያለው። ቁጥሩ 30065.1.3011 ብሎ ይጀምርና የተከታታዩን ቁጥር እዚያው ውስጥ ይጽፈዋል። 7050 የሚል ካያችሁ የ7050 ቤተሰብ ነው። ሚብ ፋይል (የቁጥሮቹ ትርጉም የተጻፈበት ዝርዝር) ሳትከፍቱ በዓይን ማንበብ ትችላላችሁ። ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ይህን ገጽ መጻፍም ባላስፈለገ።

የሲስኮ ሁሉ 9.1 ነው የሚጀምረው?

አይደለም። 9.1 ላይ ብቻ የሚፈልግ ስክሪፕት ብዙ ያመልጠዋል። ካትኦኤስ በሚባል ሶፍትዌር የሚሠሩት የድሮዎቹ ካታሊስቶች 9.5 ሥር ናቸው። የአነስተኛ ቢዝነስ ስዊቾቹ፣ እነ ኤስጂ300፣ 9.6.1 ሥር ናቸው። ኔክሰሶቹ ደግሞ 9.12.3.1.3 ሥር ይገኛሉ፤ ይህ መጀመሪያ የተዘጋጀው በመሣሪያ ውስጥ ያሉ ክፍሎችን ለመለየት ነበር።

ስዊቹ ላይ የተጻፈው ብራንድ ሌላ፣ ቁጥሩ የሚለው አምራች ሌላ ነው። ለምን?

ኩባንያ ይሸጣል፣ ይገዛል። ፈርምዌር (መሣሪያው ውስጥ የተጫነው ሶፍትዌር) ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ግን ዝም ብሎ ባለበት ይቆያል።

ከሁሉም የሚያስቀኝ የ45 ታሪክ ነው። ቁጥሩን የወሰደው ሲንኦፕቲክስ የሚባል ኩባንያ ነበር። በ1994 ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ቤይ ኔትወርክስ ሆነ። ቤይን በ1998 ኖርቴል ገዛው። የኖርቴልን የድርጅት ኔትወርክ ክፍል በ2009 አቫያ ወሰደ። የአቫያን ደግሞ በ2017 ኤክስትሪም። ኢአርኤስ የሚባሉት ስዊቾች በዚህ ሁሉ መሃል አልፈው ዛሬም 45.3 ብለው ነው የሚመልሱት። ኤክስትሪም የራሱ 1916 እያለው ማለት ነው።

ሌሎችም አሉ። 1991 የፋውንድሪ ነበር፤ ብሮኬድ በ2008 ገዛው፣ ዛሬ ሩከስ በሚል ስም የሚሸጡት አይሲኤክስ ስዊቾች አሁንም 1991 ይላሉ። 6027 የፎርስ10 ነው፤ በ2011 ዴል ሥር ገባ። ኤችፒ ስሪኮምን በ2010 ሲገዛ ኤችሦስትሲም አብሮ መጣ፤ ስለዚህ ፊቱ ላይ ኤችፒ የሚል አንዳንድ ስዊች 11 ሳይሆን 25506.11 ይመልሳል። ይህ እንዲያውም ጠቃሚ ፍንጭ ነው። 11.2.3.7.11 ያለው የኤችፒ የራሱ የፕሮከርቭ ዘር ነው፤ 25506 ያለው ከኤችሦስትሲ የመጣው የኮምዌር ሶፍትዌር ዘር። ሁለቱ ትእዛዛቸው እንኳ አይመሳሰልም። ገብታችሁ ኮንፊገር ለማድረግ ስታስቡ ከስቲከሩ ይልቅ ይሄ ቁጥር ይጠቅማችኋል።

ሌላው ምክንያት ሶፍትዌሩ ከሌላ ቤት መምጣቱ ነው። 4413 የብሮድኮም ቁጥር ነው። የዩቢኪቲ ኤጅስዊቾች ይህን ይመልሳሉ፤ ምክንያቱም ሥራቸው የብሮድኮም ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተ ነው። 4413 አይታችሁ «ብሮድኮም ስዊች ገዛን እንዴ?» ብላችሁ አትደናገጡ።

8072.3.2.10 የሚል ብዙ መሣሪያ አገኘሁ። ምንድን ናቸው?

ሊኑክስ። 8072 የኔት-ኤስኤንኤምፒ ፕሮጀክት ቁጥር ነው፤ 3.2.10 ደግሞ «ሊኑክስ ላይ እየሠራሁ ነው» ማለቱ ነው። ሰርቨር ሊሆን ይችላል፣ ካሜራ ሊሆን ይችላል፣ የፋይል ማስቀመጫም ሊሆን ይችላል። ፈርምዌሩን የሠራው ሰው ነባሩን ቅንብር ሳይነካ የለቀቀው ስዊችም ሊሆን ይችላል።

ስዊች መሆኑን ለመገመት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው 1.3.6.1.2.1.17.1.2.0 ነው፤ ይህ ብሪጅ ሚብ ከሚባለው ውስጥ የብሪጅ ፖርቶችን ብዛት ይሰጣል። 24 ወይም 48 ገደማ ከመለሰ ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ሲስ ሰርቪስስ የሚባለው 1.3.6.1.2.1.1.7.0 ነው። መሣሪያው በየትኞቹ የኔትወርክ ደረጃዎች እንደሚሠራ በድምር ይናገራል። 2 ካለ ደረጃ ሁለት ብቻ፤ 6 ካለ ደረጃ ሁለትና ሦስት ነው። እዚህኛው ላይ ግን ብዙ አትመኑ። በዘፈቀደ የሚሞሉት አምራቾች አሉ።

መግለጫው ላይ ስሙ በጽሑፍ አለ አይደል? ቁጥሩ ላይ ለምን እንደክማለን?

ሲስ ዴስክር የሚባለው፣ 1.3.6.1.2.1.1.1.0። አዎ፣ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ፕሮከርቮች ላይ በጣም ጥሩ ነው፤ የዕቃውን የማዘዣ ቁጥር፣ የስዊቹን ስም፣ የሶፍትዌሩን ቨርዥን በአንድ መስመር ይሰጣል። ሚክሮቲክም እንዲሁ።

የሲስኮ አይኦኤስ ግን ረጅም አንቀጽ ያመጣና የሚነግራችሁ ስለ ሶፍትዌሩ ነው። «ሲ2960 ሶፍትዌር» ማለት ለ2960 ቤተሰብ የተሠራ ሶፍትዌር ማለት ነው እንጂ ሞዴሉ አይደለም። ጽሑፉ ደግሞ ቨርዥን ሲቀየር ይቀየራል። ዛሬ በትክክል የሚቆርጥ ስክሪፕት ከማሻሻያ በኋላ ባዶ ይመልሳል። ኦአይዲው ግን ሶፍትዌር ስላሻሻላችሁ ብዙውን ጊዜ አይለወጥም። የቁጥሩ ጥቅም ይሄ ነው፤ አጭር ነው፣ የተረጋጋ ነው፣ ለማነጻጸር ይመቻል።

ሁለቱንም ሰብስቡ። አንዱ ያላለውን ሌላው ይላል።

እሺ፣ ትክክለኛውን ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ከየት ላግኝ?

ከኤንቲቲ ሚብ። እኔ ብጠየቅ ለንብረት ምዝገባ የምጠቀመው ይህንን ነው። ኦአይዲውን የምጠቀምበት «ይህን መሣሪያ ቀጥሎ ምን ልጠይቀው?» ብዬ ለመወሰን ብቻ ነው።

ኤንቲቲ ሚብ በመሣሪያው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን አካል በሠንጠረዥ ይዘረዝራል፤ ቻሲሱን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ማራገቢያውን፣ ሞጁሉን፣ ፖርቱን። ሠንጠረዡ 1.3.6.1.2.1.47.1.1.1.1 ላይ ነው። ከዓምዶቹ ውስጥ 5 የአካሉን ዓይነት፣ 11 ሲሪያል ቁጥሩን፣ 12 የአምራቹን ስም፣ 13 የሞዴሉን ስም ይይዛሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዓምድ 5ን ዎክ አድርጉ። ዋጋው 3 የሆነውን ረድፍ ፈልጉ፤ 3 ማለት ቻሲስ ነው። የዚያን ረድፍ ቁጥር ይዛችሁ ዓምድ 11 እና 13ን ጠይቁ። ስታክ ከሆነ 3 የሚል ረድፍ ከአንድ በላይ ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዱ አንድ ስዊች ነው። ያ በ1208 የተሸፈነው ሁሉ እዚህ ይገለጣል፤ «ደብሊውኤስ-ሲ2960ኤክስ-48ኤፍፒኤስ-ኤል» ብሎ፣ ፖርቱ 48 መሆኑን፣ ኃይል የሚሰጥ መሆኑን ጨምሮ።

ዋጋው 9 የሆነ ሞጁል ነው፣ 6 ፓወር ሰፕላይ። ፓወር ሰፕላዮችና የፋይበር ሞጁሎችም የራሳቸው የሞዴል ስምና ሲሪያል ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ዓይነቱን ሳታጣሩ የመጀመሪያውን የሞዴል ስም አንስታችሁ ብትመዘግቡ፣ ስዊቹ በማራገቢያው ስም ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ።

ርካሽ ስዊቾች ላይ ይህ ሠንጠረዥ ባዶ ሊሆን ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ያኔ የአምራቹን የራሱን ሚብ መፈለግ ነው። የትኛውን አምራች? ኦአይዲው ነግሯችኋል።

ራሴ ስክሪፕት መጻፍ ብፈልግ ምን ላይ ልጠንቀቅ?

በመጀመሪያ፣ መጻፍ ያስፈልጋችኋል? ሊብሬኤንኤምኤስን የመሰሉ ነጻ መሣሪያዎች ብዙ መለያ ቀድመው ይዘዋል፤ አዲስ ሲገኝ ተጠቃሚዎች ይጨምሩበታል። ኔትዲስኮም ጥሩ ነው። ከባዶ መነሳት የሚያዋጣው ፍላጎታችሁ ጠባብ ከሆነ ነው።

ከጻፋችሁ ግን ኦአይዲን እንደ ተራ ጽሑፍ አታነጻጽሩ። «በ9.1.5 የሚጀምር» ብላችሁ ብትፈልጉ 9.1.516ም ይገባል፤ 9.1.50ም ይገባል። እነዚህ ዘመዳሞች አይደሉም፤ ፊደላቸው ነው የተመሳሰለው። መጨረሻው ላይ ነጥብ ጨምሩ፣ ወይም በነጥብ ከፋፍላችሁ ቁጥር በቁጥር አነጻጽሩ። ፊት ላይ ያለውን ነጥብም ወይ ሁልጊዜ አስወግዱ ወይ ሁልጊዜ አኑሩ። አንዳንዱ ፕሮግራም ያወጣዋል፣ አንዳንዱ አያወጣውም።

ብዙ ቅድመ ሐረግ ከገጠመ ረጅሙ ያሸንፍ። 25506 ብቻ ከሆነ «ኤችሦስትሲ» በሉ፣ 25506.11 ከሆነ ግን «ኤችፒ፣ ኮምዌር»። ያልታወቀውን ደግሞ አትጣሉት። ከነመግለጫው በአንድ ቦታ ይጠራቀም፤ በየጊዜው እያያችሁ ትሞሉታላችሁ።

ሠንጠረዡን ኤክሴል ላይ የምትይዙም አላችሁ። ከሙሉው ኦአይዲ ጋር ችግር የለም። የፊተኛውን ቆርጣችሁ 9.10 ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ኤክሴል አስርዮሽ ቁጥር መስሎት 9.1 ያደርገዋል፤ ዓምዱን አስቀድማችሁ «ጽሑፍ» አድርጉት።

መልሱ 0.0 ሆነ።

አምራቹ መለያ አልሰጠውም። ወደ መግለጫው እለፉ።

ስዊቹ ኤስኤንኤምፒ ባይመልስልኝም ከጎረቤቱ ማወቅ እችላለሁ?

ብዙ ጊዜ አዎ። ስዊቾች ከጎናቸው ካለው ጋር ኤልኤልዲፒ በሚባል የመተዋወቂያ ደንብ ይተዋወቃሉ፤ የሰሙትንም ይመዘግባሉ። የምትደርሱበትን ስዊች 1.0.8802.1.1.2.1.4.1.1 ላይ ዎክ ብታደርጉት ስለ ጎረቤቶቹ ይነግራችኋል፤ ዓምድ 9 ስማቸው፣ ዓምድ 10 መግለጫቸው ነው። አድራሻው በ1.3.6 አለመጀመሩ ስህተት አይደለም፤ ይህ የመጣው ከአይትሪፕልኢ ደረጃ በኩል ስለሆነ ሐረጉ ሌላ ነው።

በሲስኮዎች መካከል የሲስኮ የራሱ የመተዋወቂያ ደንብ የሆነው ሲዲፒ ይበልጣል። 1.3.6.1.4.1.9.9.23.1.2.1.1.8 የጎረቤቱን ፕላትፎርም ይሰጣል፤ እዚያ ላይ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሙሉ የሞዴል ስም ነው። ማኔጅ የማይደረጉት ተራ ስዊቾች ግን በሁለቱም አይናገሩም፤ ለእነሱ ያው ስቲከሩ ነው።

አንድ መሣሪያ በዚህ ቁጥር ሊዋሽ ይችላል?

ይችላል፣ ያውም በቀላሉ። ኔት-ኤስኤንኤምፒ ላይ የኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር በመጻፍ ሲስ ኦብጀክት አይዲውን የፈለጉትን ማድረግ ይቻላል። ለሙከራ ይጠቅማል፤ ለማታለልም ያው። ስለዚህ ቁጥሩን ለቆጠራና ለክትትል ተጠቀሙበት እንጂ «ይህ መሣሪያ የኛ ነው፣ ይግባ» ለማለት እንደ መታወቂያ አትቁጠሩት።

በተቃራኒው በኩል ያለው አደጋ ይበልጣል። እናንተ የምታነቡትን ሌላም ሰው ሊያነበው ይችላል። ሞዴልና የሶፍትዌር ቨርዥን ለአጥቂ ጥሩ መነሻ ነው። «ፐብሊክ» የሚለውን ነባር ኮሚዩኒቲ ቀይሩ። የማንበብ መብት ብቻ ስጡ። ጥያቄ ከክትትል ሰርቨሩ አይፒ ብቻ እንዲመጣ ገድቡ፤ 161ን ለኢንተርኔት አትክፈቱ። ቨርዥን 2ሲ ኮሚዩኒቲውን ሳይመሰጥር ነው የሚልከው፤ መሣሪያው ከቻለ ቨርዥን 3ን ከነማረጋገጫውና ከነምስጠራው አብሩ።

ያገኘሁት ኦአይዲ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የለም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የሚብ ፋይላችሁን ዕድሜ እዩ። አምራቾች አዲስ ሞዴል ሲያወጡ የምርት ዝርዝራቸውን ያድሳሉ። ሲስኮ ለምሳሌ ሲስኮ ፕሮዳክትስ ሚብ የሚባለው ፋይል ላይ ነው የሚጨምረው። የእናንተ ፋይል ከስዊቹ የሚያረጅ ከሆነ ቁጥሩን ሊያውቀው አይችልም። አዲሱን አውርዳችሁ የመጨረሻውን ቁጥር ፈልጉበት፤ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ልዩ ፕሮግራም አያስፈልግም።

እዚያም ከሌለ ከቀኝ በኩል አንድ አንድ ቁጥር እየቀነሳችሁ ወደ ላይ ውጡ። ሞዴሉ ባይታወቅም ቤተሰቡ ሊታወቅ ይችላል፤ ቤተሰቡ ባይታወቅ አምራቹ አይጠፋም። ከዚያ ኤንቲቲ ሚብን ጠይቁ፣ መግለጫውን አንብቡ፣ የጎረቤቱን ምስክርነት ጨምሩበት። ሦስቱ ከተስማሙ በሠንጠረዣችሁ ላይ ጻፉት፤ ምንጩን ማለትም በየትኛው መንገድ እንዳወቃችሁትም በአንድ ዓምድ ላይ መዝግቡ። ካልተስማሙ የሞዴል ስም ዓምዱን ባዶ ተዉትና ስዊቹ ወዳለበት ክፍል የሚሄድ ሰው ሲኖር ስቲከሩን በስልኩ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ንገሩት።